ሽፈራው፡- በበጋ ቅጠሉ የማይነጥፍ የይፋት ቆላ የጓሮ ዛፍ

ሽፈራው በሚል የአማርኛ ስሙ የሚታወቀው ሞሪንጋ ቅጠሉ፣ አበባውና ለጋ ፍሬው ለምግብነት የሚውል፣ ሙቀትንና የዝናብ እጥረትን የሚቋቋም አነስተኛ ዛፍ ነው። መነሻው በሂማላያ ተራሮች ግርጌ ያለው የሰሜን ህንድ ምድር የሆነው ዝርያ ዛሬ በእስያ፣ በአፍሪካና በላቲን አሜሪካ ሞቃታማ አካባቢዎች በስፋት ይበቅላል። የቅርብ ዘመዱ የሆነው ሌላው ዝርያ ደግሞ የደቡብ ኢትዮጵያና የሰሜን ኬንያ ሀብት ሲሆን የኮንሶ፣ የጋሞ፣ የጎፋና የደራሼ ሕዝቦች ለብዙ ትውልድ ሲመገቡት ኖረዋል።

በአማራ ክልል ሰሜን ሸዋ ዞን የሚገኘው የሸዋ ሮቢትና የይፋት ቆላ ከፍታው፣ ሙቀቱና የዝናቡ ሁኔታ ለሁለቱም ዝርያዎች የሚስማማ ነው። በመሆኑም በአካባቢው ዛፉ ይጸድቃል አይጸድቅም የሚለው አከራካሪ አይደለም። ለግብርና፣ ለጤናና ለትምህርት ጽሕፈት ቤቶች ዋናው ጉዳይ የትኛው ዝርያ በየትኛው ጓሮ ቢተከል፣ በምን መልኩ ቢዘጋጅ ቅጠሉ ከሕፃናት ማዕድ ሊደርስ ይችላል የሚለው ነው።

የአካባቢው ገጽታ

ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። መንገዱ ከ3ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የጣርማ በር ተራራ በዋሻ ሰንጥቆ ደብረ ሲናን ካለፈ በኋላ ቁልቁል ወርዶ፣ ከባህር ወለል በላይ 1ሺህ 280 ሜትር አካባቢ ላይ ከምትገኘው ከተማ ይደርሳል። ተጓዡ በዚህ አጭር ጉዞ ብርዳማውን ደጋ ትቶ ሙቀት ወደ በዛበት ቆላ ይገባል። በዙሪያው የሚገኙት የቀወት፣ የኤፍራታና ግድም እንዲሁም የአንጾኪያ ገምዛ ወረዳዎች ቆላማ ቀበሌዎች ተመሳሳይ የአየር ጠባይ አላቸው። ሮቢ፣ ጀውሃና አታዬን የመሳሰሉ ወንዞች ከምዕራቡ ተራራ ተነስተው አካባቢውን እያጠጡ ወደ አዋሽ ይፈስሳሉ።

ይፋት ከጥንት ጀምሮ የንግድ መተላለፊያ ነበር። ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ እስከ 15ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ የዘለቀው የይፋት ሱልጣኔት ከዘይላ ወደብ ወደ ደጋው የሚወስደውን የቅፍለት መንገድ ይቆጣጠር ነበር። የዚያን ዘመን የመስጊድና የከተማ ፍርስራሾች ዛሬም በአካባቢው ተራሮች ይታያሉ። ከሩቅ ምድር የመጣን ሰብል ተቀብሎ የራስ ማድረግም ለይፋት ገበሬ እንግዳ ነገር አይደለም። ለዚህ ቅርብ ምሳሌ የሚሆነው ማሾ ነው። መነሻው እስያ የሆነው ይህ ጥራጥሬ በአጭር ጊዜ የሚደርስና ዝናብ ቢያጥርም የማይከዳ በመሆኑ የአካባቢው ዋና የገበያ ሰብል እስከመሆን ደርሷል።

ከማሾ ሌላ ማሽላና ጤፍ የአካባቢው መሠረታዊ ሰብሎች ናቸው። ወንዝ ተጠልፎ በሚለማው መሬት ደግሞ ቀይ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ፓፓያና ማንጎ ይመረታሉ። አካባቢው በልግና ክረምት የሚባሉ ሁለት የዝናብ ወቅቶች ቢኖሩትም የበልጉ ዝናብ አስተማማኝ አይደለም። የክረምቱ ዝናብ በመስከረም ካቆመ በኋላ መስኖ የሌለው አባወራ ጓሮ ደርቆ ይከርማል። በመኸር ወራት ከማሳ ዳር የሚለቀም ጎመንና የዱር ቅጠላ ቅጠል በበጋ አይገኝም። በዚህ ወቅት የብዙ ቤተሰብ ገበታ ከእንጀራና ከሽሮ እምብዛም አያልፍም።

ጉዳዩ ከሕፃናት ዕድገት ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ የአገሪቱ ሕፃናት 38 በመቶዎቹ የቀነጨሩ መሆናቸውን ሲያሳይ፣ በአማራ ክልል አሃዙ 46 በመቶ ነበር። እ.ኤ.አ በ2019 በተደረገው አነስተኛ ጥናት አገራዊው መጠን ወደ 37 በመቶ፣ የክልሉ ደግሞ ወደ 41 በመቶ ዝቅ ብሏል። የ2016ቱ ጥናት ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 23 ወር ከሆናቸው ሕፃናት መካከል ተቀባይነት ያለውን አነስተኛ የአመጋገብ ደረጃ ያሟሉት 7 በመቶ ብቻ መሆናቸውንም አመልክቷል። መንግሥት በሐምሌ 2007 ዓ.ም ይፋ ያደረገው የሰቆጣ ቃል ኪዳን እ.ኤ.አ እስከ 2030 መቀንጨርን ለማስወገድ የተገባ ቃል ሲሆን፣ የምግብ ዓይነትን ማብዛት ከአቅጣጫዎቹ አንዱ ነው።

በ2013 ዓ.ም በአታዬና በሸዋ ሮቢት አካባቢ የተከሰተው ግጭት፣ ቀጥሎም በኅዳር 2014 ዓ.ም ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት መድረሱ ብዙ ቤተሰቦችን ከቀያቸው አፈናቅሏል፤ ንብረታቸውንም አውድሟል። እንዲህ ካለ ጉዳት በኋላ ወደ ጓሮው ለሚመለስ ቤተሰብ በትንሽ ወጪ ተተክሎ በወራት ውስጥ ለምግብ የሚደርስ፣ ተቆርጦም እንደገና የሚያቆጠቁጥ ተክል ያለው ፋይዳ ከፍ ያለ ነው።

ሁለቱ ዝርያዎች

የሞሪንጋ ቤተሰብ 13 ዝርያዎችን ብቻ የያዘ አነስተኛ የዕፅዋት ቤተሰብ ነው። አብዛኞቹ ዝርያዎች የሚገኙት በምሥራቅ አፍሪካና በአፍሪካ ቀንድ ሲሆን ለምግብነት በስፋት የሚለሙት ግን ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው የእስያው ሞሪንጋ ወይም በሳይንሳዊ ስሙ ሞሪንጋ ኦሌይፌራ ነው። ሁለተኛው የኢትዮጵያው ሽፈራው ወይም ሞሪንጋ ስቴኖፔታላ ነው። ሞሪንጋ የሚለው ስም ራሱ "ሙሩንጋይ" ከሚለው የታሚል ቋንቋ ቃል የተወሰደ ነው። በአገራችን ሁለቱም ሽፈራው ተብለው ስለሚጠሩ በችግኝ ጣቢያዎችና በሪፖርቶች ሲቀላቀሉ ይስተዋላል። ይሁንና በጠባያቸው ስለሚለያዩ ለይቶ ማወቁ አስፈላጊ ነው።

የእስያው ዝርያ ግንዱ ቀጠን ያለ፣ ቅጠሉ ደቃቅ፣ ዕድገቱም ፈጣን ነው። ከተተከለ በአንድ ዓመት ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ ቀድሞ አበባ ያወጣል። ፍሬው ረጅምና ቀጭን ሲሆን በውስጡ ያሉት ዘሮች ክብ፣ ቡናማና ሦስት ነጫጭ ክንፍ ያላቸው ናቸው። በህንድ ታሚል ናዱ ግዛት በሚገኘው የፔሪያኩላም የሆርቲካልቸር ኮሌጅ የወጣው ፒኬኤም-1 የተባለው የተሻሻለ ዘር ከዚህ ዝርያ የተገኘ ሲሆን፣ ለፍሬ ምርት ተብሎ በብዙ አገሮች ይተከላል።

የኢትዮጵያው ዝርያ ግንዱ ወፍራምና ውሃ የሚያከማች፣ ልጡ ፈዛዛ፣ ቅጠሉ ሰፋ ያለ ነው። ለማበብ ሁለት ዓመት ተኩልና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ዘሩም ከእስያው ተለቅና ረዘም ያለ፣ ቀለሙም ነጣ ያለ ነው። በአንጻሩ ድርቅን የመቋቋም አቅሙ የበለጠ ሲሆን በረጅም የበጋ ወራትም ቅጠሉን ይዞ ይቆያል። የእስያው ዝርያ ግን ድርቁ ሲበረታ ቅጠሉን ሊያረግፍ ይችላል።

ይህ ልዩነት ለይፋት ቆላ ተግባራዊ ትርጉም አለው። መስኖ በማይደርስበት ጓሮ ዛፉ የሚፈለገው ሌላው አትክልት ሁሉ በደረቀበት ወር ቅጠል እንዲሰጥ ስለሆነ የአገር ውስጡ ዝርያ ተመራጭ ይሆናል። የሮቢና የሌሎች ወንዞች ውሃ በሚደርስበት ማሳ ዳር ደግሞ ቶሎ የሚደርሰውና ለጋ ፍሬው እንደ አትክልት የሚበላው የእስያው ዝርያ ይጠቅማል። ሁለቱን በአንድ ግቢ ጎን ለጎን መትከልም ይቻላል።

ቅጠሉ ምን ይሰጣል?

አንድ መቶ ግራም ትኩስ የእስያው ሞሪንጋ ቅጠል 9 ነጥብ 4 ግራም ፕሮቲን፣ 185 ሚሊ ግራም ካልሲየም፣ 4 ሚሊ ግራም ብረትና 52 ሚሊ ግራም ያህል ቫይታሚን ሲ እንዲሁም 378 ማይክሮ ግራም ቫይታሚን ኤ ይዟል። ለቅጠላ ቅጠል ምግብ የፕሮቲኑ መጠን ከፍተኛ ነው። የኢትዮጵያው ዝርያም ለምግብነቱ ተመራማሪዎች የመሰከሩለት ነው።

ስለ ሞሪንጋ በሰፊው የሚነገሩ ንጽጽሮች ግን ጥንቃቄ ይሻሉ። ቅጠሉ ከብርቱካን ሰባት እጥፍ ቫይታሚን ሲ፣ ከካሮት አራት እጥፍ ቫይታሚን ኤ፣ ከወተት አራት እጥፍ ካልሲየም እንዳለው በማሸጊያዎችና በስልጠና ጽሑፎች ላይ ተጽፎ ይታያል። በእኩል ክብደት ትኩስ ከትኩስ ጋር ሲነጻጸር ግን የብርቱካን ቫይታሚን ሲ 53 ሚሊ ግራም ገደማ በመሆኑ ከቅጠሉ ጋር እኩል ነው። የካሮት ቫይታሚን ኤ ከቅጠሉ ከሁለት እጥፍ በላይ ነው። የቅጠሉ ካልሲየም ከወተት የሚበልጠው በአንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ነው። የተጋነኑ አሃዞች የሚመጡት ብዙውን ጊዜ የደረቀ ዱቄትን ውሃ ካዘለ ትኩስ ምግብ ጋር ከማነጻጸር ነው። ከትኩሱ ቅጠል ክብደት ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆነው ውሃ በመሆኑ ሲደርቅ ንጥረ ነገሩ በክብደት የተከማቸ ይመስላል። አንድ ሰው በቀን የሚመገበው ዱቄት ግን ከአንድ ወይም ከሁለት ማንኪያ አይበልጥም። ቫይታሚን ሲ ደግሞ በማድረቅና በማብሰል ሂደት በአብዛኛው ይጠፋል። በቅጠሉ ያለው ብረትም እንደ ሥጋ ብረት በቀላሉ ወደ ሰውነት አይገባም።

የአበሻ ጎመንም ቢሆን በካልሲየም ከሞሪንጋ የሚያንስ አይደለም። ሞሪንጋን ለቆላው ልዩ የሚያደርገው ከሌሎች ቅጠሎች ሁሉ የላቀ ንጥረ ነገር ስላለው ሳይሆን፣ ጎመን በማይበቅልበትና በማይገኝበት ወቅት ያለ ተጨማሪ ውሃ ከጓሮ የሚቀነጠስ መሆኑ ነው። ለገበሬው ቤተሰብ ሊነገረው የሚገባው ጥቅምም ይኸው ነው። የተጋነነ ተስፋ የተሰጠው ሰው ተስፋው ሳይሞላ ሲቀር ዛፉን ነቅሎ ይጥላል።

አበባው፣ ፍሬውና ዘሩ

የሞሪንጋ አበባ ነጭ ወደ ክሬም የሚያደላና መዓዛው ደስ የሚል ሲሆን ንብ ይወደዋል። በእስያ አገሮች አበባው ተቀቅሎ ወይም ተጠብሶ ይበላል። ለጋው ፍሬ ተቆራርጦ በወጥ ውስጥ ይቀቀላል። በደቡብ ህንድ "ሳምባር" የሚባለው የታወቀ የምስር ወጥ በዚህ ፍሬ ይሠራል። በአንድ መቶ ግራም ለጋ ፍሬ 141 ሚሊ ግራም ቫይታሚን ሲ ስለሚገኝ በዚህ ንጥረ ነገር ከቅጠሉ ይበልጣል። ፍሬው ከጠነከረ በኋላ ግን ቃጫ ስለሚሆን ለምግብ አይመችም። በፊሊፒንስ "ማሉንጋይ" በሚል ስም የሚታወቀው ቅጠል ከዶሮ ሾርባ ጋር የሚዘወተር ሲሆን ለሚያጠቡ እናቶችም በልማድ ይሰጣል።

ከደረቀው ዘር የሚጨመቀው ዘይት በቶሎ የማይበላሽ በመሆኑ ለምግብና ለውበት መጠበቂያ ምርቶች ይውላል። የዘሩ ሌላው ጥቅም ድፍርስ ውሃን ማጥራት ነው። የሱዳን ገጠር ሴቶች የዓባይን ድፍርስ ውሃ በተፈጨ የሞሪንጋ ዘር ያጠሩ እንደነበር ሳሚያ አል አዝሃሪያ ያን የተባሉት ተመራማሪ እ.ኤ.አ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ባደረጉት ጥናት ለዓለም አስተዋውቀዋል። በዘሩ ውስጥ ያለው ፕሮቲን በውሃው ውስጥ የተንሳፈፈውን ደለል አሰባስቦ ወደ ታች ያዘቅጠዋል። ከደለሉም ጋር አብዛኛው ባክቴሪያ ይወርዳል። ይሁን እንጂ ሁሉንም ተሕዋስያን ስለማያስወግድ የጠለለው ውሃ ከመጠጣቱ በፊት መፍላት ወይም በውሃ አጋር መታከም አለበት። በክረምት የይፋት ወንዞች ደፍርሰው በሚወርዱበት ጊዜ ዘዴው ለማጥለያነት ሊያገለግል ቢችልም የንጹህ መጠጥ ውሃ አቅርቦትን የሚተካ አይደለም።

የኮንሶና የኒጀር ተሞክሮ

በኢትዮጵያ ሽፈራውን ከጓሮ እስከ ገበታ አዋሕዶ የኖረው የኮንሶ ሕዝብ ነው። በድንጋይ እርከን ሥራው የሚታወቀውና እ.ኤ.አ በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የኮንሶ ባህላዊ መልክዓ ምድር የማሽላ ማሳና የሽፈራው ዛፍ አብረው የሚታዩበት ነው። ቅጠሉ ከማሽላ ወይም ከበቆሎ ዱቄት ጋር እየተቀቀለ ኩርኩፋ የሚባለው የዘወትር ምግብ ይዘጋጃል። በኮንሶና በአጎራባች አካባቢዎች ቅጠሉ በእቅፍ እየታሰረ በገበያ ይሸጣል። በድርቅ ዘመንም ማሳው ባዶ ሲሆን ዛፉ የቤተሰብ መጠጊያ ሆኖ አገልግሏል። ለይፋት ቆላ የሚጠቅመው ዋና ትምህርት ኮንሶዎች ቅጠሉን እንደ መድኃኒት በማንኪያ እየለኩ ሳይሆን እንደ ጎመን በድስት ሙሉ ቀቅለው፣ አዘውትረው መመገባቸው ነው። የሁለቱም አካባቢዎች መሠረታዊ እህል ማሽላ መሆኑ ደግሞ ልምዱን ለመውሰድ ያመቻል።

ከኢትዮጵያ ውጪ የኒጀር ተሞክሮ ይጠቀሳል። በሃውሳ ቋንቋ "ዞጋሌ" የሚባለው የእስያው ሞሪንጋ ቅጠል ዝናብ አጠር በሆነችው በዚህች የሳህል አገር ከተወዳጅ አትክልቶች አንዱ ነው። ገበሬዎች በመስኖ አጠገብ አጠጋግተው እየተከሉ ቅጠሉን በየጊዜው አጭደው ይሸጣሉ። ሴቶች ደግሞ ቀቅለው ከኦቾሎኒ ጋር እያዋሐዱ በመንገድ ዳር ለምግብነት ያቀርቡታል። ገበያው የቆመው በአካባቢው ተመጋቢ ላይ በመሆኑ ወደ ውጭ ከሚላክ ዱቄት ዋጋ መውጣትና መውረድ ጋር የተሳሰረ አይደለም። በሸዋ ሮቢት በኩል የሚያልፈው የአዲስ አበባ ደሴ መንገድ ለአትክልትና ፍራፍሬ ሻጮች የገበያ በር እንደሆነ ሁሉ ለትኩስ ቅጠልና ለለጋ ፍሬም ሊሆን ይችላል።

ተከላና እንክብካቤ

ሞሪንጋ ከ25 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሙቀት ይስማማዋል። ውርጭ አይወድም። በመሆኑም በዚሁ ዞን ቢሆንም ለደብረ ብርሃን ደጋ የሚታቀድ አይደለም። ውሃ የሚያሳልፍ አሸዋማ ወይም ለም ደለል አፈር ይመርጣል። ውሃ በሚቋጥር መረሬ አፈር ላይ ሥሩ ስለሚበሰብስ በእንዲህ ያለ መሬት ከፍ ባለ መደብ ወይም በቤት ዙሪያ ባለ ተዳፋት ላይ መትከል ያስፈልጋል።

ዛፉ በዘርም በግንጣይም ይራባል። ከዘር የበቀለው ጠልቆ የሚሄድ ዋና ሥር ስለሚኖረው ድርቅን ይቋቋማል። ከግንጣይ የተገኘው ቶሎ ቢያድግም ሥሩ ወደ ጎን ስለሚሄድ በነፋስና በድርቅ ይጎዳል። ዘሩ ሙቀት ባለበት ቦታ በአንድና በሁለት ሳምንት ውስጥ ይበቅላል። ስለዚህ ችግኝ ማጓጓዝ አስቸጋሪ በሆነባቸው ቀበሌዎች ለአባወራው ዘር ሰጥቶ በክረምቱ መግቢያ በቀጥታ በጓሮው እንዲዘራ ማድረግ ይቻላል። በፕላስቲክ የፈላ ችግኝም ቢሆን በችግኝ ጣቢያ ብዙ ከቆየ ዋና ሥሩ ስለሚጣመም ቶሎ መተከል አለበት።

በቤት ዙሪያ ለሚተከሉ ዛፎች ሦስት ሜትር ያህል ርቀት ይበቃል። ችግኙ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ሲደርስ ጫፉን መቁረጥ የጎን ቅርንጫፎች እንዲበዙና ቅጠሉ እጅ በሚደርስበት ቁመት እንዲሆን ያደርጋል። ይህ ቀላል ሥራ ካልተከናወነ ዛፉ ሽቅብ ወጥቶ ሴቶችና ልጆች ሊቀነጥሱት ከማይችሉት ቁመት ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ከአንድ ወር እስከ ሁለት ወር ባለው ጊዜ እየተመላለሱ ቅርንጫፉን መመልመልና ቅጠሉን መሰብሰብ ይቻላል።

በቆላው የችግኙ ቀንደኛ ጠላቶች ፍየል፣ ግመልና ምስጥ ናቸው። ልቅ ግጦሽ ባለበት አካባቢ ያለ አጥር የተተከለ ሞሪንጋ ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው በጋ አያልፍም። ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በእሾህ አጥር መከለል ይኖርበታል። ዛፉ ከጠነከረ በኋላ ግን ከምልመላ የሚተርፈው ቅርንጫፍ ለፍየልና ለላም ጥሩ መኖ ይሆናል።

አዘገጃጀትና ጥንቃቄ

ትኩሱ ቅጠል ከግንጣዩ ተለይቶና ታጥቦ እንደ ጎመን ይቀቀላል። በሽሮ፣ በምስርና በድንች ወጥ ውስጥ መጨረሻ ላይ ጨምሮ ለጥቂት ደቂቃ ማብሰልም ይቻላል። ቅጠሉ መጠነኛ ምሬት ስላለው ልጆች እንዲለምዱት በጥቂቱ መጀመር ይመከራል። ጥቂት ዘይት ከታከለበት በውስጡ ያለው ቫይታሚን ኤ ወደ ሰውነት ለመግባት ይቀለዋል። ስድስት ወር ለሞላው ሕፃን በደንብ የበሰለና የላመ ቅጠል በገንፎ ውስጥ ሊደባለቅ ይችላል። ይህም የእናት ጡት ወተትን፣ እንቁላልንና ጥራጥሬን ለማሟላት እንጂ ለመተካት አይደለም።

ቅጠሉን ለማቆየት የሚፈለግ ከሆነ በጥላ ሥር፣ ነፋስ በሚያገኝ ንጹህ ቦታ በስስ ተሰጥቶ ይደርቃል። በቀጥታ ለፀሐይ ማጋለጥ ቫይታሚን ኤውን ይቀንሳል። በሚገባ ሳይደርቅ የተፈጨ ዱቄት ይሻግታል። ዱቄቱም ብርሃንና እርጥበት በማያገኘው የተከደነ ዕቃ መቀመጥ አለበት።

ለምግብነት የሚውሉት ቅጠሉ፣ አበባውና ለጋ ፍሬው ናቸው። ህንድን በቅኝ ይገዙ የነበሩ እንግሊዞች የእስያውን ዝርያ ሥር እንደ ቅመም ይጠቀሙበት የነበረ ቢሆንም፣ ሥሩና የሥሩ ልጥ ጎጂ ንጥረ ነገሮች እንዳሉት የታወቀ በመሆኑ ለምግብም ለመድኃኒትም ሊወሰድ አይገባም። በተለይ ነፍሰ ጡር ሴቶች ከሥርና ከልጡ መራቅ አለባቸው። ዱቄቱ ወይም ሻዩ የደም ስኳርንና የደም ግፊትን ሊቀንስ ስለሚችል ለእነዚህ ሕመሞች መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ሐኪማቸውን ማማከር ይኖርባቸዋል። ሞሪንጋ 300 በሽታዎችን ይፈውሳል የሚለው አባባል በሕክምና ጥናት የተረጋገጠ አይደለም። በዚህ አባባል ተታሎ የጀመረውን መድኃኒት የሚያቋርጥ ሕመምተኛ ሕይወቱን ለአደጋ ያጋልጣል።

ከመትከል ወደ መመገብ

በ2011 ዓ.ም የተጀመረው የአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብር የምግብና የፍራፍሬ ችግኞችን በየጓሮው ለማዳረስ መልካም አጋጣሚ ፈጥሯል። ሆኖም ለሞሪንጋ የተተከለ ችግኝ ቁጥርና የጽድቀት መጠን ብቻውን የውጤት መለኪያ ሊሆን አይችልም። በተራራ ተፋሰስ ላይ የተተከለ ሞሪንጋ ቢጸድቅም ከእናቶች እጅ ስለሚርቅ ለሕፃናት ምግብነት አይደርስም። በወጥ ቤት በር አጠገብ የቆሙ ሦስት ወይም አራት ዛፎች በሩቅ ከተተከሉ መቶ ችግኞች ይልቅ ለቤተሰቡ ይጠቅማሉ።

ከዚህ አንጻር ሥራው የአንድ መሥሪያ ቤት ብቻ ሊሆን አይችልም። የግብርና ጽሕፈት ቤቱ ዝርያውን ለይቶ ዘርና ችግኝ ያቀርባል፤ የልማት ሠራተኞች በአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከላት የምልመላውን አሠራር ያሳያሉ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ደግሞ በምግብ ዝግጅት ሠርቶ ማሳያቸው ቅጠሉን በገንፎና በወጥ ውስጥ እንዴት መጠቀም እንደሚቻል ለእናቶች ያስተምራሉ። በትምህርት ቤቶች ግቢ ውስጥ የሚተከሉ ዛፎች ለምገባ መርሐ ግብሩ ቅጠል ከማቅረባቸውም በላይ ልጆች ጣዕሙን ለምደው ወደ ቤታቸው እንዲወስዱት ያደርጋሉ። በጉዳዩ ላይ የሚዘጋጅ ሪፖርትም ከተተከለው ብዛት ጋር ዝርያውን፣ የተተከለበትን ቦታና በበጋ ወራት ቅጠሉን የሚመገቡ አባወራዎችን ቁጥር ቢያካትት ለውሳኔ ሰጪዎች የተሟላ መረጃ ይሰጣል።

ማሾ በይፋት የተስፋፋው ገበሬው በአጭር ዝናብ አምርቶ ገንዘብ ስላገኘበት ነው። ሽፈራውም ሥር የሚሰድደው ቤተሰቡ ጥቅሙን በራሱ ገበታ ላይ ሲያየው ነው። ይህንንም ለማረጋገጥ አመቺው ጊዜ ችግኝ የሚተከልበት ሐምሌ ሳይሆን ጓሮው ሁሉ የሚደርቅበት፣ ጎመን ከገበያ የሚጠፋበት የበጋ ወቅት ነው። በዚያ ወቅት ከጓሮ የተቀነጠሰ አረንጓዴ ቅጠል በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ ቤተሰቦች ድስት ውስጥ ከተገኘ ሥራው ግቡን መትቷል ማለት ይቻላል።